46/30 የፊት ማርሽ ከወራት በኋላ፦ የጥርሱ ቁጥር ትክክል ነው፣ «ፈተህ እሰር» የሚለው ምክር ግን አይደለም

የብስክሌቱ ካቴና ከፊት ከትልቁ ማርሽ ወደ ትንሹ ሲወርድ ትንሹን ይዘለውና በክራንኩ (ፔዳሎቹና የፊት ማርሾቹ በሚታሰሩበት ክንድ) እና በቴላዮው (በብስክሌቱ አካል) መካከል ይቀረቀራል። ይህም ሽቅቡ ሲጀምር፣ ማርሹ በጣም በሚፈለግበት ቅጽበት ነው። የተቀረቀረ ካቴና ላይ ፔዳል ከተረገጠ የቴላዮው ቀለም ይላጣል፤ ቴላዮው ካርቦን ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከቀለም ያልፋል። 46/30 ክራንክ (ትልቁ ማርሽ 46፣ ትንሹ 30 ጥርስ ያለው) ቀድሞ 53/39 በነበረ የውድድር ብስክሌት ላይ ያሰረ ሰው ይህን ችግር መጠበቅ አለበት። ከበልግ ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ አዲስ አበባና ዙሪያዋን ከተነዳበት በኋላም የምለው ይኸው ነው፦ ጥፋቱ የጥርሱ ቁጥር አይደለም። ጥፋቱ ክራንኩን ብቻውን እያቀበለ «አሮጌውን ፈተህ አዲሱን እሰር፣ ሌላ ምንም አይነካም» የሚለው ሻጭ ነው።

ይነካል። 53 ጥርስ ያለው ማርሽ ከመሐሉ እስከ ካቴናው 107 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 46 ጥርስ ያለው 93 ብቻ ነው። ስለዚህ የፊት ማርሽ ቀያሪው 14 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከ50/34 የሚመጣ ሰው እንኳ 8 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ አለበት። ችግሩ በብዙ የውድድር ቴላዮዎች ላይ ቀያሪው የሚታሰረው ከቴላዮው ጋር በተበየደ ወይም በሪቬት በተመታ መያዣ ላይ መሆኑ ነው፤ የመያዣው ቀዳዳ ደግሞ የተሠራው ለ50 እና ለ53 ነው። ብሎኑ የቀዳዳው ታች ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ቀያሪው ግን ገና ከማርሹ በላይ ተንጠልጥሏል። ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ካቴናውን በቅጡ አይመራውም፤ ሲያወጣ ይዘገያል፣ ሲያወርድ ወርውሮ ይጥለዋል። በዚያ ላይ የቀያሪው ቅርጽ ራሱ ለትልቅ ክብ የተጎበጠ ስለሆነ ከፊት በኩል ቢጠጋ እንኳ ጭራው ከ46ቱ ይርቃል።

መፍትሔው በመያዣው ዓይነት ይወሰናል። የመቀመጫው ቱቦ ክብ ከሆነና መያዣው በብሎን የሚፈታ ከሆነ ቀላል ነው፦ መያዣውን አንስቶ ቱቦውን አቅፎ የሚታሰር ቀያሪ መግዛት። ሦስቱ የተለመዱ ልኮች 28.6፣ 31.8 እና 34.9 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በካሊፐር ሳይለኩ አይገዛም። መያዣው የማይነቀል ከሆነ ቀያሪውን ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ ማራዘሚያ ሳህን ይሸጣል። ቀዳዳውን በሞረድ ማስረዘም ግን አልመክርም፤ ስስ አሉሚኒየም እዚያ ላይ ከተሰነጠቀ ቴላዮው ተበላሸ ማለት ነው።

ቁመቱ ከተገኘ በኋላ ማስተካከሉ ቅደም ተከተል አለው። ገመዱ ይፈታ፤ ካቴናው ከፊት 30 ላይ፣ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ይሁን። የቀያሪው የውጭ ክንፍ ከ46ቱ ጥርስ ጫፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከማርሹም ጋር ትይዩ ሆኖ ይታሰር። ከዚያ በውስጠኛው መገደቢያ ብሎን የውስጥ ክንፉን ወደ ካቴናው ማስጠጋት፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ገመዱ የሚወጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ሰው በገመዱ ይጀምርና ስህተቱን በመገደቢያ ብሎን ሲያሳድድ ይውላል። በመጨረሻም ካቴና መያዣዋ ትግባ፦ በቀያሪው ብሎን ላይ የምትታሰር ቀጭን ክንድ ናት፣ ካቴናው ከ30ው አልፎ ወደ ቴላዮው እንዳይወድቅ ትከለክለዋለች። ረዘም ያለ ብሎን ትፈልጋለች፤ ጫፏም ከካቴናው ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ትራቅ። ከክራንኩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ዋጋዋ ኢምንት ነው፣ ያለ እርሷ 46/30 መነዳት የለበትም።

አነዳዱም ድርሻ አለው። ከ46 ወደ 30 ሲወረድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ካቴና ባንዴ ይላላል፣ ያንን ጎትቶ የሚወጥረው የኋላው ቀያሪ ነው። ከኋላ 11 ወይም 12 ላይ ሆኖ ማውረድ ካቴናው እጅግ ላልቶ ሳለ ማውረድ ነው። 18 ወይም 20 ላይ ሆኖ፣ እግርን ለአንድ ዙር ቀለል አድርጎ ማውረድ ይሻላል።

የኋላውንም ቀያሪ ሻጩ አያነሳውም። አቅሙ በቀላል ሒሳብ ይገኛል፦ የፊቱ ልዩነት 46 ሲቀነስ 30፣ 16 ነው፤ የኋላው በ11–32 ካሴት (በኋላ ማርሾች ስብስብ) 32 ሲቀነስ 11፣ 21 ነው፤ ድምሩ 37። በ53/39 እና በ11–25 ካሴት ይኸው ድምር 28 ነበር። ለዚያ የተሠራ አጭር ክንድ ያለው ቀያሪ 37ን አይሸከምም፤ መካከለኛ ክንድ ግዴታ ነው። የካቴናው ርዝመትም እንደ አዲስ ይለካል፦ በቀያሪው ውስጥ ሳያልፍ በፊቱ ትልቅና በኋላው ትልቅ ማርሽ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከዚያ ሁለት ቅንጣት ተጨምሮ።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ከመክፈል በፊት፦ ክራንኩ ለአስፋልት ነው ወይስ ለጠጠር መንገድ? ለጠጠር የተሠሩት የሺማኖ ጂአርኤክስ ማርሾች ለምሳሌ ከአስፋልቱ ክራንክ ይልቅ 2.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፣ የራሳቸውም የፊት ቀያሪ አላቸው። በአስፋልቱ ቀያሪ ግን እስከ መጨረሻው ተስቦም ትልቁ ማርሽ ላይ ላይደርስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ካለ ለምን ተገዛ? መልሱ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ነው። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 85 ኪሎ ይሁኑ፣ ሽቅቡ 10 በመቶ ይሁን። በ39/25 (ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ) በደቂቃ 60 ዙር ለመርገጥ በሰዓት 11.8 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋል፣ ይህም ወደ 290 ዋት ይጠይቃል። በ30/32 ያው 60 ዙር 7.1 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወደ 175 ዋት። በ3000 ሜትር ከፍታ አካባቢ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ ያህል ያንሳል፤ 290 ዋት እዚያ ላይ ደቂቃ በደቂቃ ማውጣት የሰለጠነ ተወዳዳሪ ሥራ ነው። ሌላው ሰው በ39/25 በደቂቃ 40 ዙር እየረገጠ ጉልበቱን ይጎዳል። አሮጌው 130 ሚሊ ሜትር የብሎን ክብ (የማርሹ ብሎኖች የሚያርፉበት ክብ ስፋት) ያለው ክራንክ ደግሞ ከ38 ጥርስ በታች ስለማይቀበል ማርሹን ብቻ ቀይሮ መገላገል አይቻልም።

«46 ፍጥነት የለውም» ለሚለውም ቁጥሩ መልስ አለው። 46/11 በ25 ሚሊ ሜትር ጎማ በአንድ ዙር 8.8 ሜትር ይሄዳል፤ በደቂቃ 90 ዙር 47 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ከ50/12 እንኳ በጥቂቱ ይበልጣል። ሜዳ ላይ ብቻውን ከዚህ በላይ የሚነዳ ማን ነው? ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድም ከ60 በላይ ፔዳል አይረገጥም፣ ፍሬን ነው የሚያዘው። ቡድን ውስጥ የሚወዳደር ሰው ግን 46ን አይግዛ፤ ለእርሱ 50/34 ይሻለዋል።

በከተማው ውስጥ 46/28 ከድሮው 39/25 ብዙም ስለማይርቅ አብዛኛው መንገድ በትልቁ ማርሽ ያልቃል። 30 የሚወረደው ለእውነተኛ ሽቅብ ብቻ ነው፣ ሲወረድ ግን ክፍተቱ ሰፊ ነው፦ ከ46/22 ወርዶ የእግርን ዙር ለመጠበቅ ከኋላ አራት ማርሽ ወደ 14 መመለስ ያስፈልጋል። በ53/39 ሦስት ይበቃ ነበር። እጅ ይለምደዋል።

ትንሹ ማርሽ ቶሎ ያልቃል። በተመሳሳይ እግር ኃይል 30ው ካቴናውን ከ39 ይልቅ በ30 በመቶ አብልጦ ይጎትተዋል፣ የክረምቱ ጭቃ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከኋላ 11 ማርሽ ላለው ብስክሌት በተሠራ ካቴና 24 ቅንጣት አዲስ ሳለ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 306.3 ሲደርስ ካቴናው ይለወጥ፣ ያኔ ጥርሱ ይተርፋል። የ30ው ማርሽ የብሎን ክብ እንደ ክራንኩ ስለሚለያይ (ለምሳሌ 74 ወይም 80 ሚሊ ሜትር)፣ ክራንኩ በሚገዛበት ዕለት ልኩ ታይቶ መለዋወጫ ማርሽ አብሮ ይገዛ።