ኢቲሞንላይን በ«ኢንጀሪ» ሲመዘን

የእንግሊዝኛ ቃላትን የትውልድ ሐረግ ለማየት ብዙ ሰው የሚከፍተው ነፃ ድረ ገጽ ኢቲሞንላይን ነው፤ ዳግላስ ሃርፐር የተባለ አሜሪካዊ ለብቻው የጀመረው ሥራ። እንዲህ ያለውን መዝገብ ለመመዘን ብርቅ ቃል አያስፈልግም። ሁሉም አውቀዋለሁ የሚለው ቃል የተሻለ ይፈትነዋል። እዚህ የተመረጠው «ኢንጀሪ» ነው፤ ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ የስፖርት ጋዜጠኛውም «ጉዳት» ብለው የሚያልፉት።

ቃሉን ሲፈልጉት ስሙና ግሡ ለየብቻ ይመጣሉ። ስሙን ያስቀድሙ። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታየ፤ የመጣው ከአንግሎ-ፈረንሳይኛ (በእንግሊዝ ይነገር ከነበረው ፈረንሳይኛ) ሲሆን፣ ምንጩ የላቲኑ «ኢኒዩሪያ» ነው። «ኢን» አፍራሽ ቅጥያ ነው፤ «ዩስ» ደግሞ መብት ወይም ሕግ። ስለዚህ ቃሉ ሲነሣ ቁስል ሳይሆን በደል ነበር። ስድብም በውስጡ አለ፤ ፈረንሳዮች ዛሬም «ኤንዡር» ሲሉ ስድብ ማለታቸው ነው። ይህን ሁሉ በጥቂት መስመር ማግኘት ለተርጓሚ ትልቅ ነገር ነው።

ግሡ ላይ ሲደርሱ አማርኛ ተናጋሪን የሚያስገርም ነገር አለ። እኛ ዘንድ «ጎዳ» ይቀድምና «ጉዳት» ከእሱ ይወጣል። የእንግሊዝኛው ግሥ ግን በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ምናልባት ከስሙ የተበጀ ነው፤ ልጅ አባቱን ወለደ እንደማለት።

የገጹን አነባበብ ያላወቀ ግን ይሳሳታል። የመቶ ዓመቱ ቁጥር ተጽፎ የተገኘበትን ጊዜ እንጂ በአፍ መነገር የጀመረበትን አይናገርም። ከቃል ፊት ያለች ኮከብም ጌጥ አይደለችም፤ ቃሉ በጽሑፍ አልተገኘም፣ ሊቃውንት በንጽጽር የገመቱት ነው ማለት ነው። «ኸርት» (ጎዳ) ጥሩ ምሳሌ ነው፦ መግጨት፣ መጋጨት ከሚል ጥንታዊ የፈረንሳይኛ ግሥ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው፣ የአውራ በግ ስም ነው የሚባለው፣ ኮከብና «ምናልባት» አለበት። ብዙ ሰው «ምናልባት»ን ጥሎ በጉን ብቻ ይዞ ይሄዳል። «ዉንድ» (ቁስል) ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጻፈው «ዋውንድ» ጠመዘዘ፣ ጠቀለለ ማለት እንጂ ከቁስል ጋር ዝምድና የለውም። ለድምፁ ዊክሽነሪን፣ ነፃውን የድረ ገጽ መዝገበ ቃላት፣ መክፈት ይሻላል።

የገጹ ድካም ታሪኩን አሳጥሮ ማለፉ ነው። በአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች የሮም ሕግ የነፃ ሰው አጥንት የሰበረ 300 አስ (የሮም ገንዘብ) ይከፍላል፣ የባሪያ ከሆነ 150፤ «ኢኒዩሪያ» የፈጸመ ግን 25 ብቻ። አጥንት ስብራት ለብቻው ከተጠቀሰ፣ «ኢኒዩሪያ» እንደ ጥፊ ያለ ማዋረድ ነበር ማለት ነው። ገንዘቡ ከረከሰ በኋላ ቬራቲዩስ የሚባል ሰው ያገኘውን ሁሉ በጥፊ እየመታ፣ ከኋላው ከረጢት የያዘ ባሪያው 25 አስ እየቆጠረ ይሰጥ ነበር ይባላል። ይህን ያወቀ የቃሉን ጉዞ አይረሳውም፤ እዚህ ገጽ ላይ ግን አይጠብቁት። ትርጉሙ በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ ዘመኑ ከተጻፈበት ጥቅስ ጋር የሚፈልግ፣ በክፍያ የሚከፈተውን ትልቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ማየት አለበት።

«በኢንጀሪ ላይ ስድብ መጨመር» የሚለው አባባልም ከላቲን ነው፤ ራሰ በራው ሰው የነከሰችውን ዝንብ እመታ ብሎ የገዛ መላጣውን በጥፊ ካጮለበት ተረት። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይቀርበዋል፣ ግን ስድቡ ይጎድለዋል።

ጥቅሙ በሥራ ላይ የሚታየው «ፐርሰናል ኢንጀሪ» የሚለው የሕግ ቃል ሲመጣ ነው፤ አሜሪካ ያሉ አስተርጓሚዎች በየቀኑ የሚገጥማቸው። «የግል ጉዳት» ማለት ስሕተት ነው፤ ሕጉ የሚለየው ሰውን ከንብረት ነውና። «የአካል ጉዳት» ካሉም አድማጩ አካል ጉዳተኝነትን ያስባል፤ የአእምሮ ጉዳትም ይቀራል። «በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት» ረዘም ቢልም ይሠራል። የሌላ ሰው ጥፋት መኖሩ ሲነሣ ደግሞ «በደል» የሚለውን ከጎኑ ማስገባት ነው።