ኮምቢ ቦይለራችን ከሁለት ዊንተር በኋላ፣ ፕረዠሩ የት እየሄደ ነው?

እዚህ ለንደን ኮምቢ ቦይለር (በጋዝ ቤቱንም የቧንቧውን ውሃም የሚያሞቅ ማሽን) ያለበት ቤት የሚኖር ሰው ነገሩ ይገባዋል። የኛ ከተገጠመ ሁለት ዊንተር አልፎታል፣ በሙቅ ውሃ አንድም ቀን አላማረርንም፣ ድምፁም አይረብሽም። ያስመረረን ፕረዠሩ ነው፣ ራዲያተሮቹ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ግፊት ማለቴ ነው።

ሂቲንጉ ሳይበራ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ከ1 እስከ 1.5 ባር ላይ መሆን አለበት፣ ሲሞቅ ትንሽ ከፍ ይላል። የኛ ግን ማታ ሲበራ 3 ሊነካ ይደርስና ጠዋት ስንነሳ ዜሮ ገብቶ ቦይለሩ ኤረር ጽፎ ቁጭ፣ ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ እኔ ከስር ተንበርክኬ ውሃ መሙላት። ጌጁን ደግሞ ታች ስለሰሩት በስልክ መብራት ካልሆነ አይታይም፣ ማን እንዳሰበው እንጃ።

የጠየቅነው ሰው ሁሉ ሊክ ነው፣ ማሸጊያ ፈሳሽ ጨምሩበት ነው የሚለው። እኔ ሳላውቀው ምንም መጨመር አልፈለግኩም። የራዲያተሮቹን ቫልቭ በደረቅ ሶፍት እየጠቀለልኩ አየሁ፣ አንዱም አልረጠበም። ከዛ ውጪ ግድግዳው ላይ ብቅ የሚል የመዳብ ቱቦ አለ አይደል፣ 3 ባር ሲደርስ ሴፍቲ ቫልቩ ውሃ የሚያስወጣበት፣ እሱ ላይ ማታ ፌስታል ላላ አርጌ አሰርኩበት፣ ጠዋት ሳየው ውሃ ይዟል።

እና ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፣ ሂቲንጉ በራም ጠፋም ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ቧንቧና ራዲያተር ላይ ፈልጉ፣ ሲሞቅ ሽቅብ ወጥቶ ሲበርድ ዜሮ የሚገባ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኤክስፓንሽን ቬሰሉን ጠርጥሩ፣ ውስጡ በጎማ ለሁለት የተከፈለ፣ ባንዱ ጎን ውሃ በሌላው አየር የሚይዝ ጋን ነው። ውሃ ሲሞቅ ቦታ ይፈልጋል፣ ቬሰሉ ውስጥ ከጎማው ጀርባ ያለው አየር ነው ቦታ የሚለቅለት፣ አየሩ ካለቀ ውሃው በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ውጪ ይፈሳል።

ጋዝ ሴፍ (እዚህ ያለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ) ላይ የተመዘገበ ቴክኒሻን ጠራን (ሽፋኑን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ፣ ጋዝ ነው)። ቬሰሉ እንደ መኪና ጎማ ያለ ቫልቭ አለው፣ ሰውዬው ጫን ሲያረገው ጭጭ፣ አየርም ውሃም የለም። ውሃ ቢወጣ ቬሰሉ ውስጥ ያለው ጎማ ተቀዷል ማለት ነበር፣ ያኔ ቬሰሉን መቀየር ነው። የሲስተሙን ፕረዠር አውርዶ በእግር ፓምፕ ሲነፋው ጎሚስታ ቤት የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ሴፍቲ ቫልቩንም ቀየረው፣ ደጋግሞ ከከፈተ ቆሻሻ ስለሚይዝ በደንብ ላይዘጋ ይችላል። ፀረ ዝገትም ጨመረበት፣ አዲስ ውሃ በተሞላ ቁጥር ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል።

አሁን ሲቀዘቅዝ 1.3፣ ሲሞቅ 1.7 አካባቢ ነው፣ ከዛ ወዲህ ውሃ ሞልቼ አላውቅም። ቦይለሩን ድጋሚ ብትገዛ ትገዛዋለህ ካላችሁኝ አዎ፣ ለጌጁ ግን ዜሮ ነው የምሰጠው። የሚያናድደኝ ሰርቪሱ ነው፣ ማንዋሉ ቬሰሉ በየዓመቱ ይታይ ይላል፣ አምና ሰርቪስ ያረገው ሰውዬ ግን ሳይነካው ሙሉ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፣ ዘንድሮ ፓምፑን ይዞ ካልመጣ በሩንም አልከፍትለት።