ባትሪም ሞተሪኖም አልነበረም፣ ፍሪሲዮኗ ነበረች፦ ደብረ ማርቆስ ላሉት መካኒክ ምስጋና

ማርቆስና ዙሪያዋ ሞተር የምትነዱ፣ ይህን የምጽፈው አንድ አባት መካኒክ ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁማችሁ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን የሠሩልኝ ነገር በሁለት መስመር አያልቅም።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምሠራው ጮቄ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ነው። በግ፣ ከብት፣ ፈረስ እንከትባለን። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ሆኖ ከኋላዬ ታስሮ ይሄዳል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ሞተሬ መንገድ ላይ ከቆመች በረዶው ይቀልጣል። ገበሬውም ሥራውን ፈትቶ፣ ከብቱን ሰብስቦ ይጠብቀኛል።

ችግሩ የጀመረው በክረምቱ ጭቃ ነው። ፍሪሲዮን (ኢንጂኑን ከጎማው የሚያላቅቀውን የግራ እጅ እጀታ) ሙሉ በሙሉ ጨብጬ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ ወደፊት ትጎትተኝ ጀመር። ቆሜ ኒውትራል ስፈልግ እምቢ ትላለች። ለአንድ መካኒክ አሳየሁ። የፍሪሲዮኑን ገመድ እስኪወጠር አጠበቀውና በቃ አለኝ። እውነትም መጎተቷን ተወች። በሦስተኛው ቀን ግን ዳገቱ ላይ ጉድ ሆንኩ። ቤንዚን ስሰጣት ኢንጂኑ ይጮኻል፣ ጎማው አይገፋም። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ቤት ገብቼ ገመዱን በራሴ አላላሁት። ያኔ የባሰ መጣ።

ጠዋት ጠዋት የስታርተሩን ቁልፍ ስጫን ጸጥ። ድምፅ የሚባል የለም። በመርገጫ ላስነሳት ስል ዘላ ወደፊት ትሄዳለች፤ አንድ ቀን ከአጥሩ ጋር ልታላትመኝ ነበር። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። ባትሪ ቀይሪ ተባልኩ፣ ቀየርኩ። ካንዴላ ቀይሪ ተባልኩ፣ ቀየርኩ። መጨረሻ ላይ ሞተሪኖው (ኢንጂኑን የሚያስነሳው የስታርተር ሞተር) ተቃጥሏል ተባለ። ያውም የሚያስረዱት አብሮኝ ለሄደው ባለቤቴ እንጂ ለእኔ አልነበረም። እሱ ሞተር ነድቶ አያውቅም። ይህ ነገር እስካሁን ያሳዝነኛል።

ለሞተሪኖ ብር እያጠራቀምኩ ሳለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እኚህን ሰው ጠቆመችኝ።

ጋሼ ቁልፍም ካቻቢቴም አላነሱም። መጀመሪያ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ማታ ስታቆሚያት ማርሽ ውስጥ ናት ወይስ ኒውትራል?» ግቢያችን ተዳፋት ስለሆነ እንዳትንሸራተት ማርሽ አስገብቼ ነው የማቆማት አልኳቸው። «ጠዋት ያቺ የኒውትራል አረንጓዴ መብራት ትበራለች?» አትበራም። «ቀን ሲሞቅስ?» ቀን ይሻላታል። ሞተሯን ወደፊትና ወደኋላ እየወዘወዙ ማርሹን ወደ ኒውትራል መለሱት። አረንጓዴዋ በራች። «በይ ተጫኚው» አሉኝ። በአንዴ ተነሳች። እንባዬ መጣ። የሞተሪኖው ብር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደኔዋ ዓይነት ሞተር ላይ ስታርተሩ ከረንት የሚያገኘው ወይ ማርሹ ኒውትራል ላይ ሲሆን፣ ወይ ፍሪሲዮኑ ሲጨበጥ ነው። መጨበጡን የምታሳውቀው እጀታው ሥር ያለች ትንሽ ማብሪያ ናት። የእኔዋ በጭቃ ተደፍና ተጣብቃለች። ስለዚህ ማርሽ ውስጥ እያለች ፍሪሲዮን ብጨብጥም ከረንት አያልፍም። ኒውትራል እንዳላገኝ ደግሞ ገመዱ ላልቷል። እጀታውን እስከ መጨረሻው ብስበው የፍሪሲዮኑ ሸራዎች (ተጣብቀው የኢንጂኑን ኃይል ወደ ጎማው የሚያሳልፉት ክብ ዝርግ ነገሮች) በደንብ አይላቀቁም። ጠዋት ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ደግሞ ይብስ ይያያዛሉ። የማርቆስን የጥቅምት ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በመርገጫ ስሞክር የምትዘለውም ለዚሁ ነው። ሁለት ችግር፣ ሁለቱም አንድ እጀታ ላይ።

ማብሪያዋን አጽድተው አላቀቋት። ገመዱን ፈትተው አሳዩኝ። እጀታው ጋ ባለው ጫፉ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ እየተበጠሱ ነው። ዛሬ ቢስተካከል ነገ የሚላላው ለካ ለዚያ ነው። አዲስ ገመድ ገዛን። ከዚያ ያደረጉትን ነው የማልረሳው። ቁልፉን በእጄ ሰጡኝ። «ዳገቱ ላይ እኔ የለሁም። አንቺው ሥሪው፣ እኔ አይሻለሁ» አሉኝ።

እጀታው ጋ ያለውን ማስተካከያ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገባሁ። የገመዱን ዋና ልልነት ኢንጂኑ ጋ ባለው ማስተካከያ አወጣሁና ዳዶውን አጠበቅኩ። የቀረችውን ጥቂት በእጀታው በኩል ጨረስኩ። እጀታው ጫፉ ላይ ሲለካ፣ በብዙ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በባዶ መሄድ አለበት። የየሞተሩ መመሪያ ልኩን ይናገራል። ያቺ ክፍተት ጨርሳ ከጠፋች ሸራው በደንብ አይያዝም፤ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ዳገቱ ላይ የሸተተኝ እሱ ነበር። ክፍተቷ ከበዛች ደግሞ ሸራው አይላቀቅም። በመጨረሻ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞርን። ክፍተቷ አልተለወጠችም። ገመዱ የትም አልተያዘም ማለት ነው።

ስለ ዘይቱም ጠየቁኝ። የመኪና ዘይት ነበር የጨመርኩት። የብዙ ሞተሮች ፍሪሲዮን የሚሠራው እዚያው የኢንጂኑ ዘይት ውስጥ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ደግሞ ማለስለሻ ስላለባቸው ሸራውን ያንሸራትቱታል። ዕቃው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA፣ ለእንዲህ ዓይነት ፍሪሲዮን የሚስማማ ዘይት ምልክት) የሚል ያለበትን ግዢ አሉኝ። የዚያኑ ቀን ቀየርነው።

ሸራ ቀይሪ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ራሳቸው ነድተው ሞከሯት። ከፍ ባለ ማርሽ ቤንዚን ሲሰጧት ኢንጂኑ ብቻውን አልጮኸም፣ ፍጥነቷም አብሮ ጨመረ። «ገና ዕድሜ አለው፣ አትቀይሪው» አሉኝ። የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ ባትሪና ካንዴላ ከገዛሁበት አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ልጨምር ብል እምቢ አሉ።

ይኸው ታኅሣሥ ገባ። አንድም ጠዋት አላስቀረችኝም። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ እጀታው ትንሽ ላላ ሲልብኝ የበረዶ ሳጥኑን ሳላወርድ በእጄ አስተካክዬ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ ማውጣት አልፈለግኩም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። እሑድ፣ በሚካኤልና በማርያም ቀን አይከፍቱም። ደግሞ ዕቃ ገዝታችሁ እንዳትሄዱ፤ መጀመሪያ ይዩላችሁ።