ጋሼ ጡረታ ሳይወጡ ድረሱባቸው

የካ አባዶ፣ ካራና አያት አካባቢ የምትኖሩ፣ በተለይ ደግሞ እንደ እኔ ቀን እየሠራችሁ በኤክስቴንሽን ማስተርስ የምትማሩና ቴሲስ ላይ የቆማችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። በእኛ በኩል፣ በከተማው ምሥራቅ ዳር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሪፈረንስ ክፍል ይሠራሉ፤ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

እኔ የወረዳ ሠራተኛ ነኝ። ርዕሴን ያገኘሁት ከቤቴ ነው። እናቴ ከመሀል ከተማ ተነሥታ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። እድሯ ግን አሁንም የድሮ ሰፈሯ ነው። ለቅሶ በተባለ ቁጥር ያን ሁሉ ደረጃ በጉልበቷ ወርዳ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ፎቁ መሀል ላይ ቁጭ ብላ ታርፋለች። እንደ እሷ ዳር ስለወጡ አረጋውያን ልጽፍ ተነሣሁ።

ፕሮፖዛሌ ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ። «ሊትሬቸር ሪቪውሽ ሳስቷል» ተባልኩ፤ ስለ ጉዳዩ ቀድሞ የተጻፈውን በበቂ አላየሽም ማለት ነው። ሌላ ቤተ መጻሕፍት ብሄድ ደብዳቤ አምጪ አሉኝ፤ ደብዳቤውን ባመጣ ኃላፊው ይፈርምበት አሉኝ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ማታ ማታ በስልኬ ስፈልግ ሦስት ሳምንት ሄደ። የሥራ ባልደረባዬ ናት «ጋሼ ጋ ሂጂ» ያለችኝ።

ጋሼ መጀመሪያ መጽሐፍ አላመጡልኝም። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝና «ልጄ፣ ምን ብለሽ ነው ስትፈልጊ የከረምሽው? ጻፊልኝ» አሉ።

«ኤጂንግ» ብዬ ጻፍኩ።

«እና ምን ሰጠሽ?»

«ስለ ኮንክሪት፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ አይብ...»

ሳቁ። ከራሳቸው በላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ተለጥፎ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። ለካ በእንግሊዝኛው አይቡም ኮንክሪቱም የሚያረጁት በዚያው ቃል ነው። በዚያ ላይ ቃሉ ሁለት አጻጻፍ አለው፤ እንግሊዞቹ መሀል ላይ «ኢ»ን ያስገባሉ፣ አሜሪካኖቹ ጥለዋታል። እኔ የአሜሪካኖቹን ብቻ ስጽፍ የከረምኩ ግማሹን ጽሑፍ በር ዘግቼበት ነበር። ሁለቱንም «ኦር» በምትለው ቃል አገናኝቶ መጻፍ፣ ከዚያ «ኦልደር ፐርሰንስ» እና «ኤልደርሊ» የሚሉትን መጨመር፣ ቀጥሎ ኢትዮጵያን። በቃ። ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የወጣውን ዝርዝር ሳይ ሦስቱ ሳምንታት አናደዱኝ።

ከዚያ ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ነገሩኝ። እኔ አረጋዊ የምለው እንደ ተባበሩት መንግሥታት 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው፤ የእኛም ጡረታ መውጫ 60 ነው። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና መፈለጊያ ግን «ኤጅድ» የሚለው ምድብ የሚጀምረው ከ65 ነው። ከ45 እስከ 64 ያለው «ሚድል ኤጅድ» ይባላል። ስለዚህ የምድቡን ስም አምኜ ብፈልግ ኖሮ ከ60 እስከ 64 ያሉት ሰዎቼ በሙሉ ይቀሩብኝ ነበር። «እኔም እዚያ ጎልማሳ ነኝ፤ እዚህ ግን በሚቀጥለው ዓመት ናሙናሽ ውስጥ እገባለሁ» አሉኝ።

መደርደሪያው ላይም እንዲሁ ነው። ዲውይ በሚባለው፣ መጻሕፍት በቁጥር በሚደረደሩበት አመዳደብ አረጋውያን እንደ ማኅበረሰብ ክፍል 305.26 ላይ ናቸው፣ የሚሰጣቸው አገልግሎት 362.6 ላይ፣ ሕክምናቸው 618.97 ላይ። አንዱ መደርደሪያ ላይ አጥቶ «የለም» ብሎ የሚመለሰው ተማሪ ብዙ ነው፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። የሀበሻ ጸሐፊ ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የውጭዎቹ የመረጃ ቋቶች በአባት ስም ያስገቡናል፣ እኛ የምንጠራው በራሱ ስም ነው። ሁለቱንም ሞክሩ።

የስታቲስቲክሱን ነገር ሳነሣ ፊታቸው ተለወጠ፤ ይወዱታል መሰለኝ። የ2008ቱ፣ ማለትም የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቃለ መጠይቅ ያደረገው ከ15 እስከ 49 ያሉ ሴቶችንና ከ15 እስከ 59 ያሉ ወንዶችን ነው። የእኔ ሰዎች የሚጀምሩት እሱ ካቆመበት ነው ማለት ነው። ልተወው ስል «ቆይ፣ መጠይቁ መጀመሪያ ላይ የቤቱ ሰው ሁሉ በዕድሜና በፆታ ይመዘገባል፤ አያትየዋ ጥያቄ ባትጠየቅም እዚያ ላይ አለች» አሉኝ። አረጋዊ ከማን ጋር እንደሚኖር የሚለው ምዕራፌ የተሠራው ከዚያ መዝገብ ነው።

የሕዝብ ቆጠራውን በተመለከተም (እስካሁን የመጨረሻው የ1999ኙ ነው) ዕድሜ የሚለውን ዓምድ እንዳላምነው አስጠነቀቁኝ። ሰው ልደቱን በትክክል ካላወቀ ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋል። 60 ላይ ሰዉ ይከመራል፣ 59 እና 61 ላይ ይሳሳል። ለራሴ ቃለ መጠይቅ ደግሞ «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትቼ ሰው በሚያስታውሳቸው ክስተቶች የዘመን መቁጠሪያ እንድሠራ መከሩኝ፤ ጣልያን የገባበት 1928፣ ንጉሡ የተመለሱበት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953። ስሞክረው፣ «ስድሳ ቢሆነኝ ነው» ያሉኝ አንዲት እናት በግርግሩ ጊዜ ታናሽ ወንድማቸውን አዝለው እንደነበር አስታወሱ። ሰባን አልፈዋል ማለት ነው።

የሚያስከፍሉትን መጽሔቶች የሚያገኙት ሂናሪ በሚባለው በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ያለ ተቋም በነፃ ይጠቀምበታል። የይለፍ ቃሉ ግን የተቋሙ ስለሆነ ለግለሰብ አይሰጥም፤ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ነው የምታወርዱት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ግን በኢንተርኔት ክፍት ናቸው። ጋሼ እነሱን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚያስነብቡት፤ መጀመሪያ ዋቢ ዝርዝሩን። የአገር ውስጡንም አይተዉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አረጋውያንን በስም ይጠቅሳል፤ የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮልም የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ በጥር 2008። በወረዳ ማኅበራዊ ጉዳይ ስንት ዓመት ሠርቼ ይህን አለማወቄ አሳፍሮኛል።

እውነቱን ለመናገር ቁጡ ናቸው። ፈልጉልኝ ብሎ ወንበር ላይ የሚንፈላሰስ ተማሪ አይወዱም፤ ኪቦርዱን የምትይዙት እናንተ ናችሁ። እኔንም «ይሄን ትናንት አሳይቼሻለሁ» ብለው ተቆጥተውኛል። መብራት ሲጠፋ ግን አይሸኟችሁም፤ መስኮት ዳር ወስደው በእጃቸው ጽፈው ያስረዳሉ።

ፕሮፖዛሌ በሦስተኛው አለፈ። ገንዘብ ማሰብ ራሱ ነውር ነው። እናቴ ድፎ ዳቦ ላከችላቸው፤ ለመጽሐፍ ማዋሻ ክፍል ልጆች ቆርሰው አከፋፍለው ለራሳቸው ቅርፊቱን አስቀሩ። «እናትሽ በአራተኛ ፎቅ ጋገሩት?» ብለው ጠየቁኝ።

እንግዲህ መሄድ የምትፈልጉ ቦታውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ የቀራቸው አንድ ዓመት ነውና አትዘግዩ። መታወቂያና ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ይመረጣል፤ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ያሉት። ፍላሻችሁን ደግሞ ቫይረስ ሳታስፈትሹ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰኩ፤ በዚህ ቀልድ አያውቁም።