«2 ቴራ» የሚል ርካሽ ፍላሽ ከመግዛታችሁ በፊት

በወረደ ዋጋ «1 ቴራ»፣ «2 ቴራ» እየተባለ የሚሸጥ ፍላሽ (1 ቴራ 1000 ጊጋ ነው) ካያችሁ አትግዙ። ገዝታችሁም ከሆነ ሳትመረምሩት አንድም ፋይል አታስቀምጡበት። ይህን የምለው ገንዘቡ አንገብግቦኝ አይደለም፤ ገንዘብ ይተካል። የልጆቹን ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የዓመታት የሥራ ሰነዱን እንዲህ ያለ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ከኮምፒውተሩ ያጠፋ ሰው ግን የሚክሰው የለም።

ያን ያህል የሚይዝ ፍላሽ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ2017 የ2 ቴራ ፍላሽ አስተዋውቋል፤ ግን ወፈር ያለ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ዕቃ ነበር። ከተራ 32 ጊጋ ፍላሽ እምብዛም በማይበልጥ ዋጋ 2 ቴራ እሰጣችኋለሁ የሚል ሻጭ የሚሰጣችሁ ያንኑ 32 ጊጋ ነው፤ እሱም ከተገኘ።

ማጭበርበሩ እንዲህ ነው። ፍላሽ ውስጥ መረጃው የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቺፕ አለ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገር ኮንትሮለር የሚባል ሌላ ቺፕም አለ። ኮምፒውተራችሁ የፍላሹን መጠን ራሱ አይለካም። ኮንትሮለሩን ይጠይቃል፣ የተነገረውን አምኖ ያሳያል። አጭበርባሪዎቹ የሚነኩት ይህንኑ ቦታ ነው፤ 8 ወይም 32 ጊጋ ብቻ ያለው ፍላሽ «2 ቴራ ነኝ» ብሎ እንዲመልስ የኮንትሮለሩን ፕሮግራም ይቀይሩታል። ስለዚህ መጠኑን የሚያሳየውን ፕሮፐርቲስ የሚባለውን መስኮት ከፍታችሁ 2 ቴራ ማየታችሁ ምንም አያረጋግጥም። ፎርማት ማድረግም አያጋልጠውም፤ ፈጣኑ ፎርማት የሚጽፈው የፋይሎቹን ማውጫ ብቻ ነው፣ ማውጫው ደግሞ የሚያርፈው መጀመሪያ አካባቢ፣ እውነተኛው ቦታ ላይ ነው።

እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ፍላሽ ከዚያ በኋላ የሚላክለትን ሁሉ ተቀብያለሁ እያለ ይጥለዋል። ሌላው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመለስና በቀደመው ላይ ይጽፋል፤ ሽፋኑ ላይ 500 ገጽ የሚል 10 ገጽ ደብተር ላይ 11ኛውን ገጽ በ1ኛው ላይ እንደመጻፍ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ ኮፒው ያለ አንድ ስህተት ያልቃል። ፎልደሩን ስትከፍቱት የፋይሎቹ ስም አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ቀናቸው አለ። ፎቶው ሲከፈት ግን ከላይ አንድ ሦስተኛው ይታይና የቀረው ግራጫ ይሆናል፤ ቪዲዮው አልጫወት ይላል፤ የዎርድ ሰነዱ ተበላሽቷል ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቫይረስ ነው ብሎ ያስባል። ቫይረስ አይደለም፤ ፋይሉ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም ወይም ሌላ ተጽፎበታል።

በኦንላይን ገበያ ላይ ያሉ የገዢዎች አስተያየቶችን አትመኑ የምለውም ለዚህ ነው። ገዢው ዕቃው በደረሰው ቀን ሰክቶ 2 ቴራ ያያል፣ ጥቂት ፋይል ይገለብጣል፣ ይሠራለታል፣ 5 ኮከብ ይሰጣል። ችግሩ የሚወጣው 32 ጊጋው ሲያልፍ ነው። ያኔ ዕቃ የሚመለስበት ጊዜ አልፏል።

በሌላ በኩል ቁጥሩ ትንሽ ስለጎደለ ብቻ ተጭበረበርኩ አትበሉ። 64 ጊጋ የሚል ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ 59.6 አካባቢ፣ 32ቱ 29.8 አካባቢ ሆኖ ቢታይ ትክክል ነው። አምራቾች ጊጋን በ1000 እያባዙ ይቆጥራሉ፣ ዊንዶውስ በ1024።

ሳትሰኩት የሚታይ ምልክትም አለ። ፍላሹ ዩኤስቢ 3 ነኝ ካለ መሰኪያውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን እዩ። ከፊት 4 ጠፍጣፋ የብረት መስመሮች፣ ከነሱ ጀርባ ደግሞ ጠለቅ ብለው 5 ትንንሽ ንክኪዎች መኖር አለባቸው። ፕላስቲኩ ሰማያዊ ሆኖ አራቱ ብቻ ካሉ ሰማያዊው ቀለም ብቻ ነው፤ ዕቃው ዩኤስቢ 2 ነው፣ ፍጥነቱም በወረቀት ላይ እንኳ በሰከንድ 60 ሜጋባይት አያልፍም። በዚህ የዋሸ ሻጭ በመጠኑ ላይ እውነት ይናገራል ብዬ አላምንም።

ትክክለኛው ማረጋገጫ ግን አንድ ነው፤ መሙላትና መልሶ ማንበብ። ለዊንዶውስ «ኤች2ቴስትደብሊው» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ስትፈልጉት ኤች፣ ቁጥር 2፣ ቴስት፣ መጨረሻ ላይ ደብሊው ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉት። ስትከፍቱት ጀርመንኛ ወይስ እንግሊዝኛ ብሎ ይጠይቃል። ፍላሹን ምረጡ፣ ጽፎ የሚያረጋግጠውን ቁልፍ ተጫኑ። 1 ጊጋ 1 ጊጋ የሚያህሉ ፋይሎችን እየጻፈ ይሞላና አንድ በአንድ መልሶ ያነባል። ደህና ከሆነ ያለ ስህተት አለቀ ይላል። ካልሆነ ጽሑፉ ቀይ ሆኖ ይህን ያህሉ ደህና ነው፣ ይህን ያህሉ ጠፍቷል ብሎ በቁጥር ይነግራችኋል። ፍላሹ ባዶ ይሁን፤ ፎርጅድ ከሆነ ሙከራው ራሱ ቀድሞ የነበረውን ፋይል ሊደመስስ ይችላል።

ጊዜ ይወስዳል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ለመሙላት ብቻ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ግድም ይፈልጋል፤ 2 ቴራው ከሁለት ቀን በላይ። ሰው መመርመሩን የሚተወውም በዚህ ነው። ግን እዚያው ፕሮግራም ላይ መጠኑን መወሰን ይቻላል። 100 ጊጋ ብቻ ጽፎ እንዲያነብ እዘዙት፤ በ32 ጊጋ የተሠራ ውሸት እዚያ ላይ ይጋለጣል። ይህን ካለፈ ሙሉውን ፈትኑት። ማክና ሊኑክስ ላይ «ኤፍ3» ያንኑ ሥራ ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ለሚቸኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ቫሊድራይቭ» አለ፤ ፍላሹ ላይ የተበተኑ 576 ቦታዎችን ብቻ ነክቶ በአጭር ጊዜ ውጤት ይሰጣል።

ፕሮግራም መጫን የማይመቻችሁ በትልልቅና በተለያዩ ቪዲዮዎች ሙሉት፣ በሥርዓቱ አውጥታችሁ ንቀሉት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የመጀመሪያውን፣ የመሐሉንና የመጨረሻውን ፋይል እስከ ዳር እዩ። ሳይነቀል ወዲያው ማየት ያሳስታል፤ ኮምፒውተሩ ፋይሉን ከራሱ ራም ላይ ሊያሳያችሁ ይችላል።

የተበላሸ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። ኦሪጅናል ፍላሽም ያረጃል። መጻፍ ከልክሎ ማንበብ ብቻ ከፈቀደ ብዙ ጊዜ ሜሞሪው አልቆ ኮንትሮለሩ ራሱን ቆልፎ ነው፤ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡና ፍላሹን ጣሉት። 0 ባይት ካለ ወይም ዲስክ አስገባ ካለ ኮንትሮለሩ ሜሞሪውን ማግኘት አቅቶታል። ሲነቀነቅ ብቻ የሚሠራ ከሆነ የመሰኪያው ብየዳ ለቅቋል። ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ ደግሞ ፋይሉን የምትፈልጉት ከሆነ እሺ አትበሉት፤ መጀመሪያ እንደ «ፎቶሬክ» ባለ ነጻ ፕሮግራም ያለውን አውጡ። በሙከራው ላይም ልዩነታቸው ይታያል፤ የተበላሸው ስህተቱ እዚህም እዚያም ይበተናል፣ ፎርጅዱ ግን ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ገደብ ድረስ ደህና ሆኖ ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ የለም።

ፎርጅድ መሆኑን ካረጋገጣችሁ የውጤቱን ስክሪንሹት አንስታችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ። ሻጩ «ፎርማት አድርገውና እንደገና ሞክረው» እያለ ቀን ቢገፋባችሁ አትቀበሉ፤ ፎርማት ቺፕ አይጨምርም። ከፊሉን ገንዘብ ልመልስና ያዘው ቢላችሁም እንቢ በሉ። የጠፋውን ፋይል አወጣለሁ ለሚል ባለሙያም ከመክፈላችሁ በፊት አስቡበት፤ ሳይጻፍ የተጣለው ወይም ሌላ የተጻፈበት ፋይል ቺፑ ላይ ስለሌለ የሚወጣ ነገር የለም። የ«ኤፍ3» ባለቤቶች ያዘጋጁት፣ ፍላሹን ወደ እውነተኛ መጠኑ አሳንሶ የሚያስተካክል ፕሮግራም አለ፤ ሙዚቃ ለመጫን ያገለግል ይሆናል፣ እኔ ግን ሌላ ቅጂ የሌለው ፋይል አላስቀምጥበትም። ለሌላ ሰውም አትሽጡት።

አሁን በእጃችሁ የምትጠራጠሩት፣ ፋይል ያለበት ፍላሽ ካለ ከዚህ በኋላ ምንም አትጻፉበት፤ እያንዳንዱ አዲስ ፋይል አንድ አሮጌ ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። የሚከፈተውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ እያንዳንዱን ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ሙከራውን ከዚያ በኋላ ጀምሩ።