የሚረጋ ዘይት ወይስ ፈሳሽ? ማኛ ወይስ ሰርገኛ? የጎንደር አስቤዛ ንጽጽር

የቤተሰብን ጤና በእጅጉ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በየቀኑ ድስትና ምጣድ ላይ የሚውለው ዘይት፣ እህል፣ ጨውና በርበሬ ነው። ስለዚህም ይህ ንጽጽር በፒያሳ ሱፐርማርኬቶች ከሚደረደረው ይልቅ ከአራዳና ከቅዳሜ ገበያ በዘንቢል ተሞልቶ ወደ ቤት በሚገባው አስቤዛ ላይ ያተኩራል፤ ሸማቹ በሁለት ተቀራራቢ ዕቃዎች መካከል ሲያመነታ የትኛውን ቢያነሳ እንደሚሻለውም ያመለክታል።

ዘይት፦ ፓልም፣ ሱፍ ወይስ ኑግ?

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ዘይት ነው፤ ምክንያቱም በዓመት ከ180 ቀናት በላይ በሚጾምበት ቤት ቅቤው ሲቆም የወጡ ቅባት በሙሉ ከዘይት የሚመጣ ይሆናል። የሚረጋው የፓልም ዘይት በዋጋ ረከስ ይላል፤ ይሁን እንጂ ግማሽ ያህሉ በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ሳቹሬትድ ስብ ነው። በሱፍ ዘይት ውስጥ ይኸው ስብ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ሲሆን፣ በኑግ ዘይትም ከአምስት እጅ አንዱን አይሞላም። ልዩነቱ በማንኪያ ሲለካ ጎልቶ ይታያል፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፓልም ዘይት 13 ግራም ያህል ሳቹሬትድ ስብ ሲይዝ፣ በተመሳሳይ መጠን የሱፍ ዘይት ውስጥ ያለው 3 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ስብ በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ በፓልም የተሠራ አንድ ወጥ ብቻውን ከግማሽ በላዩን ሊወስድ ይችላል ማለት ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የማለዳው ብርድ ራሱ ዘይቱን ለይቶ ያሳያል፤ ሱቁ ሲከፈት ጀሪካኑ ውስጥ ነጣ ብሎ የረጋው በአብዛኛው ፓልም ነው። ቀን ሲሞቅ ግን ተመልሶ ስለሚሟሟ፣ ከሰዓት በኋላ የሚገዛ ሰው የዘይቱን ዓይነት ከጽሑፉ ላይ አንብቦ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በዚያው ጽሑፍ ላይ የሚገኘው «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ማስታወቂያ ግን ለምርጫ አይረዳም፤ ኮሌስትሮል ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኝ በመሆኑ የትኛውም የዕፀዋት ዘይት ይህንኑ ሊል ይችላልና።

ሱፍና ኑግ ሲወዳደሩ ደግሞ ጉዳዩ የአያያዝ ነው። የኑግ ዘይት በብርሃንና በአየር ቶሎ የሚበላሽ ስለሆነ፣ በሃይላንድ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የተደረደረውን መግዛት ተገቢ አይደለም፤ ከምን እንደተቀላቀለም ለማወቅ ያስቸግራል። ሲጨመቅ ዓይናችን እያየ ከመጭመቂያው በጥቂቱ የምንቀዳ ከሆነ ኑጉን አስቀድማለሁ፤ ይህ የማይመች ከሆነ በፋብሪካ የታሸገው የሱፍ ዘይት ይሻላል። ሁለቱም ቢሆኑ ደጋግሞ ለመጥበስ አይሆኑም።

ጤፍ፦ ማኛ፣ ሰርገኛ ወይስ ቀይ?

በእህል ተራ ዋጋው የሚወጣው ጤፉ በነጣ ቁጥር ነው። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነጩም ቀዩም ሳይፈተግ ከነገለባው ስለሚፈጭ፣ ሁለቱም በ100 ግራም 8 ግራም ያህል አሰር (ፋይበር) ይይዛሉ፤ በብረት ማዕድን ረገድ ደግሞ ብልጫው ብዙውን ጊዜ የቀዩ ነው። (ከዚህ ብረት ከፊሉ በውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ስለሆነ፣ ማበጠሩና መንፋቱ ችላ ሊባል አይገባም።) በመሆኑም ለማኛ የሚጨመረው ገንዘብ ለእንጀራው መልክ እንጂ ለምግብነቱ የሚከፈል አይደለም። እንግዳ ለሚጠራበት ቀን ማኛውን መግዛት የሚያስወቅስ ባይሆንም፣ ለዕለት እንጀራ ሰርገኛ ገዝቶ የተረፈውን ብር ከፓልም ወደ ሱፍ ወይም ወደ ኑግ ዘይት ለመሸጋገር ማዋል የበለጠ የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ጤፍ ሲወደድ ዱቄቱን ከፎገራ ሩዝ ጋር መቀላቀል የተለመደ ሆኗል። የተፈተገ ሩዝ እንጀራውን ቢያነጣውም አሰሩንና ማዕድኑን ይቀንሳል፤ መቀላቀሉ ግድ ከሆነ ማሽላ ወይም ዳጉሳ የተሻለ ነው። በተለይ ብዙዎቻችን ለጠላና ለአረቄ ብቻ የምናስበው ዳጉሳ በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ያለው በመሆኑ በዚህ ጤፍን እንኳ ያስከነዳል።

በርበሬ፦ ዛላ ወይስ የተፈጨ?

የተፈጨው ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ዱቄት ከሆነ በኋላ ሻጋታውን፣ ባዕድ ነገሩንና ዕድሜውን በዓይን መለየት አይቻልም። ክብደቱ እንዲጨምር ውኃ የተረጨበት ወይም በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ሻጋታ ሲያበቅል፣ ጉበትን የሚጎዳውና ለጉበት ካንሰር የሚዳርገው አፍላቶክሲን ሊፈጠርበት ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ በቁሌት እሳት አይጠፋም። ዛላው ሲነቀነቅ የሚንኮሻኮሽ፣ ሲሰበር ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ያልሆነ መሆኑን ገዢው ራሱ ማየት ይችላል። ጊዜ ለሌለው ሰው በርበሬውን ከየት እንደሚገዛና እንዴት እንደሚያሰናዳ በግልጽ የሚናገር ባልትና ቤት መካከለኛ አማራጭ ነው። ለኦቾሎኒም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ጨውና ወተት

በእነዚህ ላይ ብዙ ማነጻጸር አያሻም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለምግብ የሚቀርብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በመንግሥት ደንብ ተደንግጓል፤ አዮዲን በእርጥበትና በፀሐይ ስለሚቀንስ ከተከፈተ ማዳበሪያ በጣሳ ከሚሰፈረው ይልቅ የታሸገው ይመረጣል፤ እንቅርትን የሚከላከለውም ይኸው ነው። መጠኑ ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመከራል። የወጥ ማጣፈጫ ኩብ ግማሽ ያህሉ ጨው በመሆኑ፣ እሱን የሚጠቀም ሰው ጨዉን መቀነስ አለበት። ጥሬ ወተት በሚገባ ከፈላ ከታሸገው የሚያንስበት ጉልህ ነገር የለም፤ ሳይፈላ ግን የሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

የታሸጉ ዕቃዎች

ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር ስላለው፣ አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው የቀን ጣሪያ 50 ግራም ሲሆን ከ25 ባይበልጥ ይመረጣል። በካርቶን የሚሸጥ ጭማቂም ከዚህ ብዙ ላይርቅ ስለሚችል፣ በዚያው ብር ከአራዳ ብርቱካን ወይም ማንጎ መግዛት ይሻላል። ሁለት የታሸጉ ዕቃዎችን ለማወዳደር በ100 ግራም የተጻፈውን መጠን ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ለአንድ ጊዜ መመገቢያ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ከድርጅት ድርጅት ይለያያልና። የይዘት ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል ስለሚጻፍ፣ ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ከተገኘ ዕቃው ከጣፋጭ ተራ መቆጠር አለበት። ከውጭ በመጡ ዕቃዎች ላይ ያለው የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚጻፍ ነው፤ አንዳንዱ ቀኑን፣ አንዳንዱ ወሩን ስለሚያስቀድም፣ ሁለቱም ቁጥሮች ከ12 የማይበልጡ ሲሆኑ ከተመረተበት ቀን ጋር ማስተያየት ይገባል።