ሽፋኑ የተቀየረ የ1958 ሱፐርቦይ፦ የድሮ ኮሚክ ለምትገዙ ሁሉ ማስጠንቀቂያ

የድሮ የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔቶችን የምትሰበስቡ ወገኖቼ፣ በተለይም እንደ እኔ በአሜሪካ እየኖራችሁ በየአውደ ርእዩ ከግለሰብ ሻጮች የምትገዙ፣ ባለፈው ክረምት የደረሰብኝን ኪሳራ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመው፣ የሱፐርማንን የልጅነት ጀብዱ የሚተርከው የሱፐርቦይ መጽሔት ቁጥር 68 ሙሉ ቅጂ ነው ተብዬ 450 ዶላር ከፈልኩ፤ እጄ የገባው ግን የውስጥ ገጾቹ እውነተኛ፣ ሽፋኑ ደግሞ በዘመናችን የቀለም ማተሚያ የተባዛ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ቁጥር በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለገው ቢዛሮ የተባለው የሱፐርቦይ ግልባጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ስለሆነ ነው። ኦቶ ባይንደር በጻፈውና ጆርጅ ፓፕ በሣለው በዚህ ታሪክ፣ ፕሮፌሰር ዳልተን የተባለ ተመራማሪ ማንኛውንም ነገር የሚያባዛ ጨረር ሠርቶ ሲያሳይ ጨረሩ ሳይታሰብ ሱፐርቦይን ያገኘውና ፊቱ እንደ ተጠረበ ድንጋይ የሻከረ፣ አንደበቱ የተኮላተፈ ጎደሎ ግልባጭ ይፈጠራል። በሚቀጥለው ዓመት በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 254 የሱፐርማን ጠላት ሌክስ ሉተር ያንኑ ጨረር ሆን ብሎ በሱፐርማን ላይ ተጠቅሞበታል። ብዙዎች ቢዛሮን ከክፉ ግልባጮች ተርታ ይመድቡታል፤ በእኔ አስተያየት ግን በመጀመሪያው ታሪክ ከክፋቱ ይልቅ ሐዘኑ ይበልጣል፤ ሳትፈራው የቀረበችው አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ብቻ ነበረችና። ያኔ በ10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው ይህ መጽሔት ዛሬ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይገዛል፤ ሽፋኑ የጠፋበት ቅጂ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ዋጋ ስለሚገኝ፣ ሐሰተኛ ሽፋን አልብሶ እንደ ሙሉ ለመሸጥ የሚያጓጓው ይኸው የዋጋ ልዩነት ነው።

ሻጩ ያታለለኝ እውነተኛውን ነገር አስቀድሞ በማሳየት ነበር። መጽሔቱን ከፕላስቲክ ከረጢቱ በከፊል ሳብ አድርጎ መካከሉን ከፈተልኝ፤ የወየበውን ወረቀትና የድሮ መጽሔት ሽታውን ካረጋገጥኩ በኋላ ሽፋኑን ልዳስስ ስል ግን ሲነካካ እንደሚጎዳ ነግሮኝ መልሶ ከተተው። ምክሩ በራሱ ስህተት ስላልነበረ አመንኩት።

ቤቴ ገብቼ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው ነገሩ ግልጽ ሆነ። በዚያ ዘመን የነበሩት ሽፋኖች የሚታተሙት በአራት ቀለማት በመሆኑ በመነጽር ሲታዩ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ይታዩባቸዋል፤ የእኔው ላይ ግን የነጠብጣቦቹ ጠርዝ ደብዝዞ፣ በላዩ ላይ ደቃቅ የቀለም ፍንጣቂ ተበትኖበት ነበር። ከዚያም የስፌቱን ሽቦ ስመረምር በውስጥ ገጾቹ ላይ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አገኘሁ፤ አንደኛው ዝገት የተቀባ የጥንቱ ቀዳዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሽፋኑን ለመስፋት በቅርቡ የተበሳ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ግን አዲሱ ቀዳዳ ብቻ ሲሆን የዝገት ምልክት አልነበረበትም። መጽሔት ስትገዙ መካከለኛውን ገጽ ከፍታችሁ ይህን ቀዳዳ ማየት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ይህን እንድታዩ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ።

ሌላም የቆየ ማታለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 አሳታሚው ራሱ የ1938ቱን አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 በትልቅ መጠን በድጋሚ አሳትሞት ነበር፤ ድጋሚ ኅትመት መሆኑን የሚገልጸው የውጭ ሽፋኑ ስለነበር፣ እሱን ገንጥለው የቀረውን እንደ ዋናው ለመሸጥ የሞከሩ አሉ። ዋናው ከዚህ በጣም ስለሚያንስ ማስመሪያ ይዞ የሄደ ሰው አይሸወድም።

ውድ ቅጂ የምትገዙ ከሆነ እንደ ሲ.ጂ.ሲ. ባለ ገለልተኛ ድርጅት ተመርምሮ የታሸገ መሆኑን ማየት ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ በመለያው ላይ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ መዝገብ ሳታመሳክሩ፣ የመለያውንም ቀለም ሳታጤኑ ገንዘብ አታውጡ። ሐምራዊ መለያ ያለው መጽሔት እድሳት የተደረገለት ነው፤ እንዳልታደሰ ቅጂ ልትከፍሉበት አይገባም።

እኔን ይበልጥ የጎዳኝ የከፈልኩበት መንገድ ነው። ሻጩ የአገልግሎት ክፍያ እንዳይቆረጥበት በሚል ሰበብ በገንዘብ መላኪያው መተግበሪያ ላይ ለቤተሰብና ለወዳጅ ገንዘብ በሚላክበት አማራጭ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ እኔም አምስትና አሥር ዶላር ብዬ ሳልከራከር እሺ አልኩት። በዚህ አማራጭ የተላከ ገንዘብ ለገዢ የሚሰጠው ዋስትና ስለሌለው ቅሬታዬ ተቀባይነት አላገኘም፤ ሻጩም ከሁለት መልእክት በኋላ መልስ መስጠት አቆመ። ሐሰተኛውን ሽፋን ከገጾቹ ለይቼ፣ ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው እንዳይታለልበት በጀርባው «ይህ ግልባጭ ነው» ብዬ በማይለቅ ቀለም ጽፌበታለሁ።